ዝቅተኛው መጠን

ሩታ ዳቦ ስታድል ማርቆስን ዘለለችው።

ድንኳኑ ውስጥ በግራ በኩል ከተደረደሩት ወንበሮች ሦስተኛው ላይ ነበር የተቀመጠው። በቀኙ ፒያሳ ካለው ከማርቆስ መነጽር መሸጫ ሱቅ ጎን ልብስ የሚሰፋው ሽመልስ፣ በግራው የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ በኃይሉ አሉ። ሩታ ትሪውን ይዛ መጣች፤ ለሽመልስ ሰጠች፤ አንድ እርምጃ ተራምዳ ለመጋቢ በኃይሉ ሰጠችና አለፈች። ሽመልስ ረስታው መሰለውና የራሱን ዳቦ ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ዘረጋለት።

«እህል ቅመስ እንጂ። ከትናንት ጀምሮ ባዶ ሆድህን ነህ።»

«ቀምሻለሁ» አለ ማርቆስ።

አልቀመሰም። ሩታም አልረሳችውም።

ሩታ የሟች ሚስቱ የፅጌ ታላቅ እህት ናት። ስልሳ ዓመት ሆኗታል። ፅጌ ካረፈችበት ከማክሰኞ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሐሙስ ድረስ አንድ ቃል አላናገረችውም። ትናንት ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እየመጣ አንገቱን ሲያቅፈው እሷ በሌላ በኩል ዞራ ልጁን ሄራንን ነው ያቀፈችው። ሰው ሐዘኑ ነው ብሎ አለፈው። ማርቆስ ግን ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ማክሰኞ ወደ አመሻሹ ላይ አስከሬኑ ከሆስፒታል ቤት ሲደርስ ሊያጥቡ የገቡት ሴቶች ሦስት ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ወጡ፤ «እህቴን እኔው ልጠባት ብላ አስወጣችን» አሉ። ሩታ በሩን ስትከፍት ፅጌ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ራሷ እስከ ማጅራቷ ድረስ በሻሽ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር። ፅጌ በሕይወቷ ሻሽ አስራ አታውቅም።

ከድንኳኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሰሃን ያጥባሉ። ሸራው ድምፅ እንደማይከለክል ዘንግተውታል።

«ውጭ አገር ወስደው ጭንቅላቷን በስተዋት ነው አሉ።»

«መድኃኒት እናፈስበት ብለው ነዋ።»

«ከዚያ ወዲያ መች ቀና አለች?»

«ኧረ የአባቷ ነው የሚባለው። ሰውዬው ሰካራም ነበሩ። መጠጡ ዘር ውስጥ ገብቶ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ልጅቷስ?»

ከዚያ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ማርቆስ ቀና ብሎ ሄራንን ፈለጋት። ከሁለት የዶርም ጓደኞቿ መሃል፣ ሸራውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች ማለት ነው። ፊቷ አልተለወጠም። እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ በጀርባቸው ዘርግታ መዳፎቿን እያየች ነበር።

ሄራን ሃያ ዓመቷ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ግቢዋ እዚሁ የሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ቢሆንም ዶርም ነው የምትኖረው። ባለፈው አንድ ዓመት ቤት የመጣችው አራት ጊዜ ነው። ማርቆስ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። እናቷ አልጋ ላይ ስትወራጭ እያየች የምታየው እናቷን ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ ፅጌን የሚያጎርሳት፣ የሚያጥባት፣ ማታ ከአልጋ እንዳትወድቅ በትራስ የሚከልላት እሱ ብቻ ነበር። ሱቁን ጠዋት ይከፍታል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቶ ይሮጣል። ማታ ስለ ቀኑ ያወራላታል። መጨረሻ ላይ መልስ መስጠት ስታቆምም ማውራቱን አላቆመም።

*

ፅጌ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር በማስመር የታወቀች ናት፤ ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ትስበውና ጠመኔውን ታስቀምጣለች። ተማሪዎቿ አገር ለቀው ሄደው እንኳ ሲገናኙ ስለዚያ መስመር ነው የሚያወሩት።

ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ቀን መስመሩ መሃል ላይ ዘለለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በሳምንቱ ደገመው። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ብቻውን ከፍ ዝቅ ማለት፣ እግሯ ሳታዘው መራመድ ጀመረ። ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣል። ሆደ ሰፊ የነበረችው ሴት በትንሽ ትልቁ መቆጣት አመጣች። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ማርቆስን አስጠርቶ በሩን ዘጋና፣

«ወንድሜ፣ እንደ ቤተሰብ ነው የምጠይቅህ። ቤት ውስጥ ምንድን ነው የምትጠጣው?» አለው።

ፅጌ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ማርቆስ እየተናደደ ቤት ገብቶ ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ሲጠብቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«አባቴንም እንዲህ ነበር የሚሉት» አለች።

አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ፅጌ ነፍስ ስታውቅ ሥራ ከፈቱ፣ ከምእመናን ኅብረት ከታገዱ ቆይተው ነበር። እሷ የምታስታውሳቸው ከዋናው ቤት ተለይተው በጓሮ ክፍል ሲኖሩ፣ ሲሄዱ እየተወዛወዙ፣ ሲቀመጡ ጣቶቻቸው የማይታይ ክራር የሚመቱ መስለው ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ የሚጨፍሩ ይመስላት ነበር። ሩታ ግን የአባታቸውን ስም አታነሳም። ሌላ ሰው ካነሳውም ተነስታ ትሄዳለች።

ሦስት ዓመት ተንከራተቱ። አንዱ ሐኪም ነርቭ ነው አለ፤ ሌላው ጭንቀት። መጨረሻ ላይ ፅጌ ራሷ «ፊልሞን የሚባል ተማሪ ነበረኝ። የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል ሲሉ ሰማሁ» አለች።

ዶክተር ፊልሞን ያኔ ከውጭ ትምህርቱን ጨርሶ ከመጣ አንድ ዓመቱ ነበር። ፅጌን ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበላት። «ቲቸር» ነበር የሚላት፤ እስከ መጨረሻውም ከ«ቲቸር» ሌላ ጠርቷት አያውቅም። ደሟን ወስዶ ውጭ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀምጦ የበሽታውን ስም ነገራቸው። ሀንቲንግተን ይባላል። አንድ ጂን፣ ማለትም ሰውነት የሚሠራበት አንድ የውርስ መመሪያ፣ ስህተት አለበት፤ ያ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ሕዋሶቹን ይገድላል። መዳኛ የለውም። ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

«ሄራንስ?» አለች ፅጌ።

ፊልሞን የውጤቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፣ ቲቸር።»

«እሱን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ» አለችው።

ሄራን ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሥራ ስምንት ሲሞላት መመርመር እንደምትችል እናቷ ነገረቻት። ሞላት። አልተመረመረችም። ማንም አላስገደዳትም።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጋቢ በኃይሉ ሊሄዱ ሲነሱ ማርቆስ እስከ አጥሩ በር ሸኛቸው። ሲመለስ ሩታ የውሃ ታንከሩ ጋ ቆማ ጠበቀችው።

«ና እስቲ» አለች። በሦስት ቀን ውስጥ የሰጠችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ከቤቱ ጀርባ ተከተላት። ሩታ ሰው አለመኖሩን ዞራ አየች።

«ማጅራቷ ላይ ስፌት አየሁ።»

«ውጭ አገር ሄደን የተደረገላት…»

«አትዋሸኝ፣ ማርቆስ። ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። አናቷ ላይ ነው፤ ሁለት ነው፤ አተር አተር ያክላል፤ ፀጉር በቅሎበታል። ይሄኛው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። ክሩ ገና አዲስ ነው። ምን ወሰዱባት?»

ማርቆስ ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። መልስም አዘጋጅቶለት ነበር። አሁን ግን ያዘጋጀውን ተወው።

«አንጎሏን» አለ።

ሩታ ታንከሩን ያዘች። ለጥቂት ጊዜ ከንፈሮቿ ብቻ ተንቀሳቀሱ፤ እየጸለየች ይሁን እየረገመችው አላወቀም።

«ማን ፈቀደ?»

«እሷ ናት፣ እትዬ ሩታ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እጇ እስክሪብቶ መያዝ ሲችል ነው የፈረመችው። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ፈረምኩ።»

«ጌታ ሲመጣ በምን ትነሳለች?»

«ሐይቁ ውስጥ ሰጥመው የቀሩትስ በምን ይነሳሉ? አሣ የበላቸው?»

«እነሱን ባሎቻቸው አልፈረሙባቸውም» አለች ሩታ።

ማርቆስ ፊቱን ወደ ታንከሩ አዞረ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ይህን አምቄ እንግዳ አስተናግዳለሁ» አለች ሩታ። «ሰው 'እንደው ምን አገኛት' ሲለኝ እሷን ያሰርኩበት ሻሽ ይታየኛል። ነገ ከመጨረሻው ጸሎት በፊት ለመጋቢ እነግራቸዋለሁ። ለሄራንም።»

«ለሄራን እኔ ልንገራት።»

«መቼ? አንድ ቤት ውስጥ አይደላችሁ? እስካሁን ምን ያዘህ?»

ጥላው ሄደች። ማርቆስ እዚያው ቆመ። ከድንኳኑ የመዘምራን ድምፅ ይሰማል። ፅጌ ብትኖር የሩታን አባባል ትስቅበት ነበር፤ ከዚያ ለእህቷ የሚመልሰውን ትነግረው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ በቀረው ትዳራቸው ውስጥ መልስ ሲጠፋው የሚዞረው ወደሷ ነው። አሁንም ሳያስበው ፊቱን ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት አዞረ።

*

ሕክምናው የተደረገው ከአራት ዓመት በፊት ጀርመን አገር ነው። ፊልሞንን ያስተማሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች፣ የተበላሸውን ጂን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት እየሞከሩ ነበር። መድኃኒቱ ጉዳት እንዳያደርስ ተደርጎ በተዘጋጀ ቫይረስ ላይ ይጫናል። በደም ሥር ቢሰጥ አንጎል ስለማያስገባው የራስ ቅል ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተው፣ ፀጉር የምታክል ቱቦ በሽታው ወደሚጀምርበት ቦታ ድረስ ትገባና ጠብ ጠብ እያለ ሲፈስ ይውላል። በጥናቱ ውስጥ ከእኛ አገር አንድ ሰው እንኳ እንዳልነበረ ፊልሞን ለጥናቱ ኃላፊዎች ደጋግሞ ጽፎ፣ ደጋግሞ ተከራክሮ ነው ለፅጌ ቦታ ያገኘላት።

ለማርቆስ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሚስቱ ልትድን ነው።

ሲመለሱ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ራሷ በፋሻ እንደታሰረ፣ እጁን ያዘችው። «ማርቆስ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ የሄድኩት ልድን አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«የሰጡኝ ዝቅተኛውን መጠን ነው። መጀመሪያ የሚገቡት ሰዎች የሚሰጣቸው እንዳይጎዳ ነው እንጂ እንዲያድን አይደለም። ከጎዳ በኛ ይቆማል። ካልጎዳ ለሚቀጥሉት ይጨምሩታል። እየጨመሩ፣ እየጨመሩ የሚሠራው ጋ ይደርሳሉ።»

«ፊልሞን ይህን ነግሮሻል?»

«ሳይነግረኝ አያስፈርመኝም። ለአንተ እንዳይነግርህ ለምኜው ነው። ብታውቅ አትወስደኝም ነበር።»

እውነቷን ነበር። ማርቆስ አንድ ዓመት ሙሉ ፊልሞንን ሰላም አላለውም። ለክትትል ሲወስዳት በሩ ላይ ያደርሳትና ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሁለት ዓመት ያህል እየተናገረች፣ እየተራመደች ኖረች። መድኃኒቱ ይሁን ዕድሜዋ ማንም አላወቀም። ከሞተች በኋላ አንጎሏን እንዲያዩት የፈረመችውም በዚያ ጊዜ ነው። «መስመሩን ጀምሬ መሃል ላይ ልተወው?» አለችው። ማርቆስ ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። ሐይቁ ዳር እስኪመሽ ተቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ሁለቱም አላነሱትም።

ምግብ ትን ብሏት ሳንባዋ ላይ የፈጠረው ቁስል ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታል ውስጥ አሸነፋት። ፊልሞን ወረቀቱን ይዞ መጣ። ማስረዳት ሲጀምር ማርቆስ አስቆመው።

«ፊቷ ይለወጣል?»

«አይለወጥም። ስፌቱ ከኋላ ነው፤ በፀጉር ይሸፈናል።»

«አንተ ነህ የምታደርገው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈልግም።»

ማርቆስ ፈረመ። በመነጽር ሥራ ሠላሳ ዓመት ትንንሽ ብሎን ያጠበቀ እጅ ስሙን ሁለት ጊዜ ሳተ።

*

ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ጸሎት ተደርጎ ድንኳኑ ይፈርሳል። ማርቆስ ከጠዋት ጀምሮ ሄራንን ብቻዋን ሊያገኛት ሞከረ። አንዴ ጓደኞቿ አሉ፤ አንዴ ሰው ይመጣል፤ አንዴ ደግሞ ብቻዋን ጓዳ በር ላይ አገኛትና፣ ቀና ብላ ስታየው፣ «እህል በላሽ?» ብሎ ጠይቋት ተመለሰ። ሩታ ከመጋቢ በኃይሉ ጋር በዝቅተኛ ድምፅ ስትነጋገር አያት። መጋቢው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ዶክተር ፊልሞን ገባ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሰው በስም ባያውቀውም ማን እንደሆነ ገብቶታል። በሩ አጠገብ ባዶ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠና አቀረቀረ። በዙሪያው የነበሩት ሁለት ሰዎች ተነስተው ሌላ ቦታ ያዙ። ማርቆስ ተነስቶ ከጎኑ ሊቀመጥ አሰበ። ከሱ በፊት ሩታ ተነሳች። ድንኳኑን አቋርጣ ሄዳ ከሐኪሙ ጎን ተቀመጠች።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ ፊልሞን። ሌላ አልጨመረም።

«እህቴ ላይ ምን አገኛችሁ?»

ፊልሞን ወደ ማርቆስ አየ። ማርቆስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ገና ነው። ወራት ይፈጃል።»

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«መድኃኒቱ የት ድረስ እንደደረሰ ነው። ሰው በሕይወት እያለ በማሽን የምናየው ጥላውን ነው፤ የተወሰነውን እንገምታለን። ቲቸር ላይ ግን በዓይናችን እናያለን እንጂ አንገምትም። ቱቦው ትንሽ ወደ ግራ መሆን ከነበረበት እናውቃለን። ለሚቀጥለው ሰው እናስተካክለዋለን።»

«የሚቀጥል ሰው አለ?»

«ከሳቸው በኋላ አሥራ አንድ ገብተዋል። መጠኑ ከፍ ብሏል።»

«ዳኑ?»

«አልዳኑም» አለ ፊልሞን። «የአንዳንዶቹ ሕመም ግን አካሄዱን የቀነሰ ይመስላል። ይመስላል ነው የምልዎት። ከዚህ በላይ ብናገር እዋሽዎታለሁ።»

ሩታ እጆቿን እያፍተለተለች ቆየች። ከዚያ፣ «ይህ ነገር ከአባታችን ነው የመጣው ብለሃታል አሉ» አለችው።

«አዎ። ግን በሽታው ሲጀምራቸው ቲቸር ሕፃን ስለነበሩ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያስታውሱም ነበር። አባታችሁ በስንት ዓመታቸው እንደጀመራቸው እንኳ መዝገባችን ላይ ባዶ ነው። እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ አልፈቀዱልኝም።»

«ለምን?»

«'እህቴን አባታችንን አታንሳባት' አሉኝ።»

ሩታ ነጠላዋን ሰበሰበች። ማርቆስ አሁን ተነስታ ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ፤ እንደ ወትሮው። አልሄደችም።

«ሠላሳ ዘጠኝ ነበር» አለች። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ነው እጁ መሪው ላይ አልረጋ ያለው። እኔ አሥራ አራት ነበርኩ። ማታ ማታ እናቴ ትልከኛለች። 'ሂጂ አባትሽን ሳሚና አፉ ምን እንደሚሸት ንገሪኝ' ትላለች። እስመዋለሁ። ናፍጣ ነው የሚሸተው። ሌላ ምንም አይሸትም። ተመልሼ ግን 'መጠጥ ይሸታል እማዬ' እላታለሁ።»

በአቅራቢያቸው የነበሩ ሰዎች ማውራት አቆሙ።

«ለምን እንደዚያ አሉ?» አለ ፊልሞን ቀስ ብሎ።

«ካልጠጣ ምን ሆኖ ነው ታዲያ? መጠጥ ከሆነ አንድ ቀን ይተወዋል ብዬ ነዋ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገረች። ሽማግሌዎቹም አገዱት። ጓሮ ብቻውን ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሮ ሞተ። እውነቱን አንድም ቀን አልነገርኳትም።»

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለማንም ሳይሆን ለድንኳኑ፣ «አባቴ አይጠጣም ነበር» አለች። «አንድ ቀን አልቀመሰም። በሽታ ነው።»

ሰሃን ሲያጥቡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ የድንኳኑ በር ላይ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ቆማ ነበር። አንገቷን ደፋች። ሄራን ከተቀመጠችበት ተነስታ ቆማለች፤ ለምን እንደተነሳች ለራሷም የገባት አይመስልም።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል መጋቢ በኃይሉ ወደ ሩታ ዞሩ። «እህት ሩታ፣ ከጸሎቱ በፊት የምነግርዎት አለ ብለሽኝ ነበር።»

ማርቆስ ወደ ሄራን አየ።

«ተናገርኩ እኮ» አለች ሩታ። «የነበረኝ እሱ ነው።»

*

ድንኳኑ ሲፈርስ ሄራን የእድሩን ወንበሮች እየደራረበች ማርቆስ አጠገብ ደረሰች። ጓደኞቿ ሄደዋል። ሸራው ተነስቶ ግቢው ድንገት ሰፍቶ ነበር።

«አባዬ፣ አክስቴ 'እህቴ ላይ ምን አገኛችሁ' ስትለው ምን ማለቷ ነው?»

ነገራት። በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያሳምር። ሄራን የያዘችውን ወንበር ሳታስቀምጥ ሰማችው።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ሆስፒታል። በሚቀጥለው ወር ወደ ጀርመን ይላካል።»

«ማን ይዞት ይሄዳል?»

«ዶክተር ፊልሞን ራሱ።»

ወንበሩን ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። «ለኔ ብላ ነው?»

አይደለም ሊላት ፈለገ። «አዎ» አለ።

«እኔ አልጠየቅኳትም።»

«አልጠየቅሻትም።»

«ብመረመርና ባይኖርብኝስ? በከንቱ ነዋ።»

«ያን ጊዜ ደስ ይላት ነበር» አለ ማርቆስ። «ከሁሉ በላይ የምትፈልገው እሱን ነበር።»

ሄራን አላለቀሰችም። ወንበሮቹን ደርባ ጨረሰች። «ነገ ጠዋት ወደ ግቢ እመለሳለሁ። ሰኞ ፈተና አለብኝ» ብላ ገባች። ማርቆስም «እሺ» አላት። ሩታ ሳይመሽ ሄደች፤ ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ትከሻውን ይዛ ትንሽ ቆመች።

ቅዳሜ ጠዋት ማርቆስ ቀድሞ ተነሳ። ቤቱ ከሳምንቱ ሁሉ ይልቅ ያን ጠዋት ባዶ ሆነበት። ከመኝታ ቤት የሚመጣ የአልጋ ድምፅ የለም። ሻይ አፈላ፤ ሰው ካመጣው ዳቦ ቆረሰ። ሄራን ቦርሳዋን በሩ ጋ አስቀምጣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ከፊቷ ብርጭቆ አድርጎ ቀዳላት።

ሄራን ብርጭቆውን አየችው። አላነሳችውም።

ማርቆስም አየው። ግማሽ ነው። የፅጌ ክንድ ሳይታሰብ ሲዘል ትኩስ ነገር እንዳያቃጥላት፣ በዚህ ቤት አሥር ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ሞልቶ አያውቅም። ለብቻዋ እንዳይመስላት ሦስቱም ግማሽ ግማሽ ነበር የሚጠጡት። እጁ የለመደውን ነው ያደረገው። ለሄራን ግን ምን መስሎ እንደታያት ፊቷ ላይ አነበበው። ሊያስረዳት አፉን ከፈተ።

«አባዬ፣ ሙላልኝ» አለችው።

ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ብርጭቆውን እስከ አፉ ድረስ ሞላው።

ሄራን ብርጭቆውን በአንድ እጇ አነሳች። ቀስ ብላ ነው፤ እሱ እንዲያይ፤ ራሷም እንድታይ። ሁለቱም ሻይዋን ሳይሆን እጇን ነበር የሚያዩት። ወደ ከንፈሯ አደረሰችው፤ ፉት አለች፤ መልሳ አስቀመጠችው። አንድ ጠብታ አልወደቀም።

ማርቆስ ከማድቤቱ ጨርቅ አምጥቶ ምንም ያልፈሰሰበትን ጠረጴዛ ጠረገ።